ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

(ለመኪና ባለቤቶችና ለሹፌሮች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። የማወራው ስለ ማንዋል መኪና ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ነው። ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ ነው፤ ፍሪሲዮን ደግሞ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል። ስላይድ የለኝም። በምትኩ ያረጀ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ ይዤ መጥቻለሁ። እኔ እያወራሁ እናንተ ተቀባበሉት። እጅ ያጠቁራል፤ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ አለ።

አብዛኞቻችሁ የራሳችሁን መኪና የምትነዱ ናችሁ። ታክሲ የምትሠሩም አላችሁ። መካኒክ ላደርጋችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትናገሩትን ነገር ላስቀይራችሁ ነው። ሰው ይመጣና "ፍሪሲዮን ጨርሷል፣ ቀይርልኝ" ይላል። መካኒኩም ይቀይርለታል። ምን ያድርግ፣ ታዟላ! ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ችግር ይመለሳል። ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እኔ የምላችሁ ምልክቱን ንገሩት፣ ፍርዱን ተዉለት። "ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ክርርር ይላል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይተወዋል" ብሎ የሚገባ ሰው የምርመራውን ግማሽ ሠርቶ ነው የመጣው።

ለምን ይህን ያህል አጠበቅከው ትሉኝ ይሆናል። ካምቢዮ ማውረድ ቀላል ሥራ ስላልሆነ ነው። የፊት ጎማ በሚነዳው መኪና ላይ ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች ይነቀላሉ። ሞተሩ ይደገፋል። በየቦታው ያለው ብሎን ይፈታል። የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ አለ። ከሚመጡት ችግሮች ብዙዎቹ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ አይደሉም፣ ውጭ ናቸው። የሚያፈስ ፖምፓ፣ የረገበ ገመድ፣ የተሰበረች ትንሽ ፕላስቲክ። እነዚህ ካምቢዮ ሳይወርድ ይሠራሉ።

አሁን ሌላም ምክንያት ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱ ፍሪሲዮን የለውም። በእጃችን ያለውን ማንዋል መኪና ግን ገና ብዙ ዓመት እንነዳዋለን። እየጠገንን ማለት ነው።

ዲስኩ አሁን ማን ጋ ደረሰ? ከፍ አድርጊልኝ እህቴ። አመሰግናለሁ። እሱ ዲስክ የሚቀመጠው በቮላኖውና በፕሬዠር ፕሌቱ መሃል ነው። ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባዱ የብረት ሰሃን፣ ከሞተሩ ጋር ይዞራል። ዲስኩ የተሰካው ከካምቢዮው በሚወጣ ዘንግ ላይ ነው። ፔዳሉን ካልነካችሁት የፕሬዠር ፕሌቱ ሞላ ዲስኩን ቮላኖው ላይ ይጫነዋል፤ ሁሉም አንድ ሆነው ይዞራሉ። ስትረግጡት ኩሽኔታው ሞላውን ይገፋል፣ ጭነቱ ይነሳል፣ ዲስኩ ነጻ ይሆናል። ያኔ ነው ማርሽ የሚገባው።

እንግዲህ ፍሪሲዮን የሚታመመው በሁለት መንገድ ነው። ወይ አልይዝ ይላል፣ ወይ አልለቅ ይላል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ሰው ግን ሁለቱንም "ጨርሷል" ይላቸዋል። ሸራው፣ ዲስኩ ላይ ያለው የሚፋጨው ሽፋን፣ በእውነት ያለቀ ፍሪሲዮን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው አልይዝ ማለትን ነው። ማርሽ አልገባ ካላችሁ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ይቺን ያዙልኝ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህች ጋ ነው።

መጀመሪያ አልይዝ የሚለውን እንይ። ወደ እንጦጦ እየወጣችሁ ነው እንበል። ነዳጅ ትረግጣላችሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አልሰማም ይላል። የሞተር ዙር የሚያሳየው ቀስት ሽቅብ ይሄዳል፤ የፍጥነቱ ቀስት ባለበት ነው። ከቆየ ደግሞ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል። ያንን ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

አዲስ አበባ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ስለዚህ መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም ሰው "ይሄ ከፍታው ነው" ብሎ ያልፈዋል። ወይም ካንዴላ ያስቀይራል፣ ፊልትሮ ያስቀይራል። መለየት ግን ቀላል ነው። ጉልበት ያነሰው ሞተር ዙሩም አይወጣም፣ ድምፁ ይታፈናል። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ዙሩ ይወጣል፣ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ጆሯችሁን ብቻ ስጡት።

ለመሞከር ጭር ያለ ደልዳላ መንገድ ፈልጉ። በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ነዳጁን አንዴ እስከ ታች ርገጡት። ደህና ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ እያቃሰተ ቀስ ብሎ ይፈጥናል። ዙሩ በአንዴ ዘሎ ከወጣና ፍጥነቱ ካልተከተለው እየተንሸራተተ ነው። የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ጎማ ሥር ታኮ አድርጎ፣ በሦስተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን መልቀቅም አለ። ሞተሩ ቶሎ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መልሱን አገኛችሁ። ይህንን ግን ደጋግማችሁ አትሞክሩት፤ ሸራውን ራሳችሁ ታቃጥሉታላችሁ። ከተማ ውስጥ ያልታየ መንሸራተት ደግሞ ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ አባይን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ይጋለጣል። ያ ዳገት ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስወጣችኋል። ጭነት ይዛችሁ እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት እዚሁ ሞክሩት።

መንሸራተት ሁሉ ደግሞ ያለቀ ሸራ አይደለም። ፔዳሉን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጫኑት። መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር የምትሄድ ትንሽ ባዶ ርቀት መኖር አለባት። በብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተን ከመኪናችሁ መጽሐፍ እዩ። ያቺ ርቀት ከጠፋች ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ነው የሚቆየው። በጊዜ ከተደረሰበት በማስተካከል ብቻ ይድናል። ሌላው ዘይት ነው። ከሞተሩ የኋላ ማኅተም ዘይት ካፈሰሰና ዲስኩን ከነካው አዲስም ዲስክ ቢሆን ይንሸራተታል። ዲስኩን ቀይሮ ማኅተሙን የተወ ሰው በቅርቡ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን አልለቅ ወደሚለው እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ምልክቱ ይታወቃል። ቆማችሁ አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ትታገላላችሁ። የኋላ ማርሽ ክርርር ይላል። አንዳንዴ ማርሹ ከገባ በኋላ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁም መኪናው ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰው እዚህ ጋ ነው "ካምቢዮው ተበላሸ" የሚለው። እስቲ ከማንም በፊት ይህንን አድርጉ። ሞተሩን አጥፉ። ፍሪሲዮኑን ርገጡና ሁሉንም ማርሽ በየተራ አስገቡ፣ አውጡ። ገቡ? አንዱ እንቢ ካለ መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ድገሙት፤ ጥርሶቹ ፊት ለፊት ተፋጠው ሊሆን ይችላል። አሁን ሞተሩን አስነሱ። ጠፍቶ ሳለ ሁሉም የሚገባ፣ ሲነሳ ግን ሁሉም የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ነው፣ አይለቅም። ሞተሩ ጠፍቶም እንቢ ካለ የማርሽ ዘንጉን ወይም ገመዱን፣ ወይም የካምቢዮውን ሆድ ተጠርጣሪ አድርጉ። ምንም መፍቻ አልነካችሁም፤ ጥያቄው ግን ለሁለት ተከፍሏል።

ለማረጋገጥ በኋላ ማርሽ ሞክሩት። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ እንደ ፊቶቹ ዙር የሚያመሳስል ቀለበት የለውም። ስለዚህ የፍሪሲዮኑን ጥፋት አይደብቅም። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉት፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጡ፣ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቁ፣ ከዚያ አስገቡ። መጠበቁ አስፈላጊ ነው፤ ዘንጉ ዞሮ እስኪያበቃ ጊዜ ይፈልጋል። ጠብቃችሁም ክርርር ካለ ዘንጉ አልቆመም፣ ዲስኩ አልተላቀቀም። ሳትጠብቁ አስገብታችሁ ቢጮህ ግን የእናንተ ችኮላ ነው።

አይለቅም ካልን ቀጥሎ ለምን አይለቅም ነው ጥያቄው። በብዙ መኪና ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው፤ አንድ ፖምፓ ፔዳሉ ጋ፣ አንድ ደግሞ ካምቢዮው ጋ አለ። ፔዳሉን ደጋግማችሁ በፍጥነት ርገጡት። ከዚያ በኋላ ማርሹ ደህና ከገባ የዘይት መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም ከፖምፓዎቹ የአንዱ ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማኅተሙ፣ ግፊቱን አይይዝም። ለውጥ ከሌለው ወደ ውስጥ እየተጠጋን ነው።

ኮፈኑን ክፈቱ። የፍሪሲዮን ዘይት የሚባለው የፍሬን ዘይት ነው። አንዳንድ መኪና የራሱ ትንሽ ዕቃ አለው፣ አንዳንዱ ከፍሬኑ ጋር ይጋራል። በሚጋሩት ላይ የፍሪሲዮኑ ቱቦ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከዕቃው ከፍ ካለ ቦታ ነው። ዘይቱ ሲጎድል መጀመሪያ ፍሪሲዮን ይጠፋል፣ ለፍሬን የሚሆነው ሥር ይቀራል። ጎበዝ አሠራር ነው። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፍሪሲዮናችሁ በድንገት ባዶ ከሆነ ፍሬናችሁም ከአደጋ ብዙ አልራቀም። ዘይቱ የት እንደሄደ ሳታገኙ መንገድ አትውጡ። ዝም ብላችሁ እየሞላችሁ የምትነዱ ካላችሁ፣ አውቃለሁ አላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ። የሞተር ዘይት የምትጨምሩማ! የፔትሮሊየም ዘይት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ መስመሩን በሙሉ ያበላሻል።

ማፍሰሱን የምትፈልጉት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከፔዳሉ በላይ ነው። እጃችሁን ፔዳሉ ከፖምፓው ጋር የሚገናኝበት ቦታ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ የላይኛው ፖምፓ ነው። ምንጣፉንም እዩት። ሁለተኛው ካምቢዮው ላይ ያለው ትንሹ ፖምፓ ነው። የጎማ መሸፈኛውን ገለጥ አድርጉ። እርጥብ ከሆነ አለቀ፣ ተገኘ። አንዳንድ አዳዲስ መኪና ላይ ግን ይህኛው ፖምፓ ካምቢዮው ውስጥ ከኩሽኔታው ጋር ነው ያለው። እሱ ሲያፈስ ማውረድ የግድ ነው።

ደረቅ ከሆነስ? ሰው ጥሩ፣ ፔዳሉን ይርገጥላችሁ። እናንተ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ምን ያህል እንደሚወጣ እዩ። በብዙ መኪና ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ትንሽ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፣ በፖምፓው፣ በአየሩ፣ ወይም በላስቲክ ቱቦው። ያረጀ ቱቦ ሲረገጥ ይነፋል፣ በዓይን ይታያል። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ እየወጣ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ፣ ያኔ ብቻ ነው "ካምቢዮው ይውረድ" የሚባለው። በገመድ የሚሠራ ከሆነም ነገሩ ያው ነው። እንደ ድሮው ቮልስ ዓይነቱን ማለቴ ነው። ገመዱ ጫፉ ላይ ተፈትሎ ከሆነ፣ ወይም ረግቦ ከሆነ ታዩታላችሁ።

ከጥገና በኋላ የመጣ ችግር ለብቻው ነው። ትናንት ፍሪሲዮን ተቀይሮ ዛሬ ማርሽ አልገባ ካለ ሁለት ነገር ጠይቁ። አየሩ በደንብ ወጥቷል ወይ? ዲስኩስ ተገልብጦ አልገባም ወይ? ዲስኩን እዩት፣ ሁለቱ ጎኖቹ አንድ አይደሉም። መሃሉ በአንድ በኩል ይወጣል። ተገልብጦ ከገባ በጭራሽ አይለቅም። ክረምት ላይ ደግሞ ሜዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ዲስኩ በዝገት ቮላኖው ላይ ይጣበቃል። በበጋ ደህና የነበረ መኪና መስከረም ላይ ሁሉንም ማርሽ እንቢ ካለ ከሁሉ በፊት ይህንን ጠርጥሩ።

ወደ ካምቢዮው ልግባ፤ እዚህ ፈጠን እላለሁ። ሕጉ ቀላል ነው። ሁሉም ማርሽ ካስቸገረ ፍሪሲዮን ወይም የማርሽ ገመድ፤ አንድ ማርሽ ብቻ ካስቸገረ ካምቢዮ። ሁለተኛ ማርሽ ብቻውን ክርርር የሚል ከሆነ የእሱ ዙር አመሳሳይ ቀለበት ተበልቷል። ፍሪሲዮን ብትቀይሩ ምንም አይጠቅመውም። ገብቶ የሚተፋው፣ ማለትም እየነዳችሁ ማርሹ ራሱ ወደ ዜሮ የሚመለሰው፣ ወይ ውስጡ ጥርሱ ተበልቷል፣ ወይ የሚይዘው ሞላ ደክሟል። ግን መጀመሪያ የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ላስቲኮችን እዩ። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ከተወረወረ ማርሹን ይዞት ይወጣል።

የማርሹ ዘንግ ድንገት እንደ ማንኪያ የትም የሚዞር ከሆነ አትደንግጡ። የፊት ጎማ በሚነዳው መኪና ላይ ከማርሹ ወደ ካምቢዮው የሚሄዱ ገመዶች አሉ። ጫፋቸው ላይ የፕላስቲክ ቡሽ አለች። እሷ ተሰብራ ነው ብዙ ጊዜ። አንዱ ማርሹን ያንቀሳቅስ፣ እናንተ ኮፈን ሥር ሆናችሁ ካምቢዮው ላይ ያለው ክንድ አብሮ መንቀሳቀሱን እዩ። በዚህች ቡሽ ምክንያት ያገለገለ ካምቢዮ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የተላከ ሰው አውቃለሁ።

ጠዋት ብቻ የሚከብድ፣ ሲሞቅ የሚለሰልስ ከሆነ የካምቢዮ ዘይቱን ጠርጥሩ። ጎድሎ ይሆናል፣ ወይም ዓይነቱ ተሳስቷል። "የካምቢዮ ዘይት ሁሉ አንድ ነው" የሚላችሁን አትስሙ። ጂኤል 4 እና ጂኤል 5 የማርሽ ዘይት ደረጃዎች ናቸው፤ ጂኤል 4 በሚል መኪና ላይ ጂኤል 5 መጨመር አይመከርም። አንዳንዱ ጂኤል 5 የነሐሱን ዙር አመሳሳይ ቀለበት ይጎዳል፣ ቀለበቱም ዙሩን ቶሎ አያመሳስልም። የዲፈረንሻሉ ጂኤል 5 እዚያው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይቆይ።

ስለ ድምፅ አንዲት ሙከራ። ሞተሩ ይዙር፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚመጣ ድምፅ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ፔዳሉን ስትለቁ የሚመጣ፣ ስትረግጡ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ የካምቢዮ መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። አንዱ ከፍሪሲዮኑ ጋር አብሮ ይቀየራል። ሁለተኛው ካምቢዮ ያስከፍታል። ይህንን ሳታውቁ ዋጋ አትደራደሩ።

ሲወርድም ተገኙ። አሮጌውን ዲስክ አሳዩኝ በሉ። ሪቬቱ ድረስ ተበልቷል? ዘይት ነክቶታል? ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ነጥብ አለ? ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው አንድ ላይ ይቀየሩ። ሦስቱን ለመለያየት መሞከር ለእኔ የማይገባኝ ቁጠባ ነው፤ የእጅ ዋጋውን ሁለቴ መክፈል ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ።

አንድ ወንድም "የኔ ቪትዝ ኦቶማቲክ ነው፣ ይሄ ሁሉ ይሠራለታል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አይሠራም፤ በተለይ የእጅ ፍሬን ስቦ ነዳጅ መርገጡን እንዳትሞክረው። ኦቶማቲክ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የዘይቱ መጠን፣ ቀለምና ዓይነት ነው። ሲቪቲ የሚባለው የኦቶማቲክ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የራሱን ዘይት ብቻ ነው የሚወስደው፤ የተራ ኦቶማቲክ ዘይት አይሆነውም። እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

አንዲት እህት ደግሞ "ዳገት ላይ ባላንስ ይዤ ስቆም ይጎዳዋል?" አለች። አዎ። ባላንስ፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቅቆ መኪናውን መያዝ፣ ማሰልጠኛ ውስጥ የተማርነው ለመነሳት ነው፣ ትራፊክ እስኪለቅ ለመቆም አይደለም። በተያዘ ቁጥር ሸራው እየተፋጨ ነው። የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ ዜሮ አድርጊ፣ እግርሽን ከፔዳሉ ላይ አንሺ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ የታክሲ ሹፌር ነበር። "መንገድ ላይ ገመዱ ቢበጠስ ወይ ዘይቱ ቢያልቅ እንዴት ቤቴ እደርሳለሁ?" መድረስ ይቻላል፣ ግን ደልዳላና ጭር ባለ መንገድ ላይ ብቻ። ፍሬኑን ሞክር መጀመሪያ። ሞተሩን አጥፋ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ፊት ለፊትህ ማንም እንደሌለ እይ፣ ቁልፉን አዙር። ሞተሪኖው፣ ሞተር የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ራሱ መኪናውን ይዞት ይነሳል። ፔዳል ካልተረገጠ የማይነሳ ከሆነም ርገጠው፤ ማብሪያው የሚያየው ፔዳሉን ነው። ወደ ሁለተኛ ስትቀይር ነዳጁን ልቀቅ፣ ወደ ዜሮ አውጣው፣ የሞተሩ ዙር ሲወርድ ማርሹን በጣትህ ብቻ ገፋ አድርገው። ዙሩ ሲገጥም ራሱ ይገባል፤ ካልገባ አትታገለው። ስትቆም ወደ ዜሮ ታወጣዋለህ፣ ወይም ሞተሩን ታጠፋለህ። በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ላይ ከሆንክ ግን ይህን ሁሉ እርሳው፣ ዳር ያዝና ጎታች ጥራ።